ስሙን የማታውቁትን ፈንክሽን መፈለግ፦ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው ፍለጋ?

አንድ ጽሑፍ በተወሰኑ ፊደላት መጀመሩን የሚያጣራ ፈንክሽን (በስሙ እየተጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) የሌለው ትልቅ ፕሮጀክት ማግኘት ይከብዳል። ስሙ ግን ከፕሮጀክት ፕሮጀክት ይለያያል። የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ውስጥ ስታርትስ_ዊዝ ይባላል፤ የሊኑክስ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ስትርስታርትስ፤ ጂሊብ በሚባለው የሲ ላይብረሪ ውስጥ ጂ_ስትር_ሃዝ_ፕሪፊክስ፤ በጎ ቋንቋ ደግሞ ሃዝፕሪፊክስ። በጎ ሲሠራ የኖረ ሰው የጊትን ኮድ አውርዶ «ፕሪፊክስ» (ቅድመ ቅጥያ) የሚለውን ቃል ቢፈልግ የውጤት ጎርፍ ይለቀቅበታል፤ ምክንያቱም ጊት ውስጥ እያንዳንዱ አብሮ የተሠራ ትዕዛዝ በዚሁ ስም የሚጠራ ግቤት ይቀበላል። የሚፈልገው ፈንክሽን እዚያው ጎርፉ ውስጥ አለ፤ ለይቶ አላየውም እንጂ። ተስፋ ቆርጦ አምስት መስመር ይጽፍና የራሱን ይሠራል። ኮዱን ለፕሮጀክቱ ሲልክ «ይህ እኮ አለን» የሚል መልስ ይደርሰዋል።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። መኖሩን የማናውቀውን ፈንክሽንም በስሙ ልንፈልገው አንችልም። ስለ ኮድ መፈለጊያ መሣሪያዎች የሚጻፉ ንጽጽሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ፍጥነት ነው፦ ይህኛው በስንት ሰከንድ ጨረሰ፣ ያኛው ስንት ፋይል አነበበ። ኮዱን ለሚያውቅ ሰው ፍጥነት ትርጉም አለው። ለእንግዳ ሰው የሚሻለው መለኪያ ሌላ ነው፦ መሣሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከእኔ ምን ይጠይቃል? አንዱ ቃል ይጠይቃል፤ ሌላው ያለ እንከን የሚገነባ ፕሮጀክት ይፈልጋል፤ ሌላው የግቤቱንና የውጤቱን ዓይነት፤ ሌላው ደግሞ በስክሪን ላይ የታየ አንድ መልዕክት ብቻ ይበቃዋል። ከዚህ በታች አማራጮቹን የማወዳድረው በዚሁ መለኪያ ነው። የፈንክሽኖችንና የትዕዛዞችን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል ታገኟቸዋላችሁ።

ቃል ካላችሁ

ቃል ፈላጊውን ግሬፕን ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ለዩኒክስ ጻፈው፤ ዛሬም በየተርሚናሉ አለ። ለእንግዳ ኮድ ግን ጥሩ ጅማሬ አይደለም። ፎልደሩን በሙሉ እንዲፈልግ ስታዙት ሰዎች የጻፉትን ኮድ፣ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ያመረታቸውን ፋይሎችና ጊት ለራሱ የሚያስቀምጠውን ክምችት ሳይለይ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውና በረስት ቋንቋ የተጻፈው ሪፕግሬፕ በተቃራኒው መራጭ ነው፤ ጊት ችላ እንዲላቸው የተነገሩትን፣ የተደበቁትንና ጽሑፍ ያልሆኑትን ፋይሎች ሳይጠየቅ ይዘላል። ጊት ግሬፕ ደግሞ በራሱ ፈቃድ የሚያየው ጊት የሚከታተላቸውን ፋይሎች ብቻ ነው፤ ቆየት ባለ እትም ውስጥም ፋይሎቹን ወደ ዲስክ ሳታወጡ መፈለግ ይችላል።

ፕሮጀክቱ በጊት የሚተዳደር ከሆነ የእኔ ምርጫ ጊት ግሬፕ ነው። ፍጥነቱ ከሪፕግሬፕ ባይበልጥም፣ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት አንድ አማራጭ አለው፦ ከትዕዛዙ ጋር ሰረዝና ትልቁን ደብልዩ ብትጨምሩ የተገኘውን መስመር ብቻ ሳይሆን መስመሩ የሚገኝበትን ፈንክሽን ከላይ እስከ ታች ያሳያችኋል። ኮዱን ለማያውቅ ሰው ነጠላ መስመር ምንም አይነግረውም፤ ሙሉው ፈንክሽን ግን ብዙ ያወራል። አነስ ያለ ውጤት ከፈለጋችሁ ትንሹ ፒ የፈንክሽኑን ስም ብቻ ከመስመሩ በላይ ያስቀምጥላችኋል።

በቅርበት እንየው። ጊት ውስጥ አንድ ፋይል ሙሉውን ወደ ሜሞሪ የሚያነብ ፈንክሽን ትፈልጋላችሁ እንበል። በመላው ኮድ «ሪድ» ብላችሁ አትፈልጉ። ፍለጋውን በሄደር ፋይሎች ላይ ብቻ ገድባችሁ «ሪድ_ፋይል» በሉ። በሲ በተጻፈ ፕሮጀክት ሄደር ማለት ጸሐፊዎቹ «ይህን ሌሎችም ይጠቀሙበት» ብለው ያወጡት ዝርዝር ነው፤ ፍለጋውን እዚያ መገደብ ውጤቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ስትርበፍ_ሪድ_ፋይል የሚል ታገኛላችሁ። በላዩ ያለው ማብራሪያ በመንገድ ስሙ የተገለጸን ፋይል ይዘት እንደሚያነብና ሦስተኛው ግቤት ስለ ፋይሉ መጠን ግምት ለመስጠት እንደሚያገለግል ይናገራል፤ ግምቱ ሜሞሪ ደጋግሞ ከመመደብ ያድናል።

ሥራው ግን አላለቀም። ሄደሩ የማይነግራችሁን ጠሪዎቹ ይነግሯችኋል። ሁለተኛ ፍለጋ አድርጉና ፈንክሽኑ የሚጠራባቸውን ሦስት አራት ቦታዎች ክፈቱ። አብዛኞቹ በሦስተኛው ግቤት ላይ ዜሮ ብቻ እንደሚያስቀምጡ ታያላችሁ፤ ስለ ፋይሉ መጠን መጨነቁ ቀረላችሁ ማለት ነው። የሚያነቡበት መያዣ አስቀድሞ በስትርበፍ_ኢኒት መዘጋጀት እንዳለበት፣ ሥራው ሲያበቃ ስትርበፍ_ሪሊስ መጠራት እንዳለበት፣ ፈንክሽኑ ካልተሳካለት ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር እንደሚመልስም ከእነዚሁ ቦታዎች ይገባችኋል። ከየትኛውም ሰነድ ይልቅ ሦስት ጠሪዎችን ማንበብ ይሻላል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ፤ ሰነድ ሊያረጅ ይችላል፣ የሚሠራ ጠሪ ግን ዛሬም የሚሠራውን መንገድ ነው የሚያሳየው።

ጎረቤቶቹንም ሳታዩ አትለፉ። ስታርትስ_ዊዝን ያገኘ ሰው በጊት ሄደሮች ውስጥ ሁለት ሌሎች ያገኛል። ኢስታርትስ_ዊዝ የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነትን ችላ ይላል። ስኪፕ_ፕሪፊክስ ደግሞ ጽሑፉ በተባሉት ፊደላት ከጀመረ ከእነርሱ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ያስረክባል። «በዚህ ይጀምራል ወይ?» ብለን የምንጠይቀው በአብዛኛው የቀረውን ክፍል ልንሠራበት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ስኪፕ_ፕሪፊክስን ነው፤ መኖሩን ስለማናውቅ ግን አልፈለግነውም። ጥሩ ፈንክሽን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከምንፈልገው ጎን ነው።

ቃል ፈላጊዎቹ የሚሸነፉበት ቦታም አለ። የሊኑክስ ከርነልን ክፈቱና ፋይል የሚያነበውን የሪድ ሲስተም ኮል (ፕሮግራሞች ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቁበት ጥሪ) አካል «ሲስ_ሪድ» ብላችሁ ፈልጉት። መኖሩን የሚያሳውቅ መስመር ታገኛላችሁ፤ አካሉ ግን በዚያ ስም የትም አልተጻፈም። የተጻፈው ሲስኮል_ዲፋይን3 በሚባል ማክሮ (በግንባታ ወቅት በሌላ ኮድ የሚተካ አጭር ጽሑፍ) ውስጥ ነው፤ እዚያ «ሪድ» የሚለው ቃል ብቻውን ይቀመጣል፣ ሙሉውን ስም ኮምፓይለሩ ኋላ ይገጣጥመዋል። በግንባታ ወቅት የሚመረቱ ፋይሎችም ተመሳሳይ ችግር ያመጣሉ፤ ፈንክሽኑ በየቦታው ሲጠራ ይታያል፣ የተጻፈበት ቦታ ግን የለም። ጊት የማይከታተላቸው ስለሆኑ ጊት ግሬፕ አያያቸውም፤ ሪፕግሬፕም ችላ ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ ካሉ ይዘላቸዋል። ሪፕግሬፕን ትንሹን ዩ ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ብትሰጡት መራጭነቱን ትቶ ሁሉንም ያነባል። አንድ ነገር የግድ መኖር እያለበት «የለም» ሲባል በመጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን።

ማውጫ የሚሠሩት

ሲታግስና ሲስኮፕ ያረጁ ናቸው፤ ግን አልሞቱም። ሲታግስ ኮዱን አንድ ጊዜ አንብቦ እያንዳንዱ ስም የት እንደተጻፈ የሚያሳይ ማውጫ ይሠራል፤ ዛሬ የሚመረጠው ዩኒቨርሳል ሲታግስ የሚባለው ተተኪው ነው። ዋና ሥራው የተጻፈበትን ቦታ ማሳየት ስለሆነ የሚጠራበትን ከእርሱ አትጠብቁ። ሲስኮፕ በቤል ላብስ የተወለደ ለሲ የተሠራ መሣሪያ ሲሆን፣ «ይህን ፈንክሽን ማን ይጠራዋል? እርሱስ ማንን ይጠራል?» የሚሉትን ጥያቄዎች ይመልሳል።

የሁለቱም ውለታ አንድ ነው፦ ፕሮጀክቱ እንዲገነባ አይጠይቁም። የጎደለ ላይብረሪ፣ የሌላችሁ የኮምፓይለር እትም፣ በሌላ ፕሮሰሰር ላይ ብቻ የሚሠራ ኮድ፤ ምንም ቢሆን ማውጫውን ይሠራሉ። የሊኑክስ ከርነል እስካሁን ሁለቱንም ማውጫዎች ሜክ በሚባለው የግንባታ ትዕዛዝ የሚያዘጋጅ ክፍል አለው። ምንም መጫን የማይፈልግ ሰው ኤሊክሰር በሚባለው የቡትሊን ድረ ገጽ የከርነሉን ኮድ እትም እየመረጠ ማሰስ ይችላል፤ ማንኛውንም ስም ሲጫን የት እንደተጻፈና የት የት እንደሚጠራ ይዘረዝርለታል። ሁሉም ግን ስም ይጠይቃሉ። ስሙን ካላወቃችሁ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለሳችሁ።

ላንጉዌጅ ሰርቨር፦ መቆየት ካሰባችሁ

እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮሶፍት ኤዲተሮችና የቋንቋ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበትን የጋራ ስምምነት ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ ክላንግዲ ለሲና ለሲ ፕላስ ፕላስ፣ ረስት አናላይዘር ለረስት፣ ፓይራይት ለፓይተን እየሆኑ ማንኛውም ኤዲተር ኮዱን «የሚረዳ» ሆኗል፤ ላንጉዌጅ ሰርቨር የሚባሉት እነዚህ ከኤዲተሩ ጀርባ ኮዱን የሚያነቡ ፕሮግራሞች ናቸው። በትክክለኛነት የሚወዳደራቸው የለም። «ኢኒት» የሚባል ፈንክሽን በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ አርባ ቦታ ቢኖር፣ ግሬፕ አርባውንም ያሳያችኋል፤ ላንጉዌጅ ሰርቨር ግን እናንተ የቆማችሁበትን አንዱን ለይቶ የእርሱን ጠሪዎች ብቻ ያቀርባል።

ከሁሉም በላይ የምወድላቸው ግን ሰዎች እንደ ፍለጋ የማይቆጥሩት ነገር ነው፤ ስትጽፉ ቀጣዩን ስም የሚጠቁመው ማሟያ። በረስት ቬክ የተባለ ዓይነት (የነገሮች ዝርዝር) ያለው ነገር ይዛችሁ ነጥብ ስትጽፉ የሚዘረገፈው ዝርዝር ፍለጋ ነው፤ ያውም ስም የማይጠይቅ ፍለጋ። በሲ ነጥቡ ይህን አያደርግም፤ ነገር ግን በሲ የተጻፉ ሥርዓት ያላቸው ፕሮጀክቶች የፈንክሽኖቻቸውን ስም በአንድ ቅድመ ቅጥያ ስለሚጀምሩ «ስትርበፍ_» ብላችሁ ቆም ብትሉ ዝርዝሩ ሁሉ ፊታችሁ ይቀርባል። በሄደሮች ላይ አሥር ደቂቃ ማሳለፍና የፕሮጀክቱን ቅድመ ቅጥያዎች መልመድ ከብዙ ፍለጋ ያድናል።

ዋጋው አለ። ክላንግዲ እያንዳንዱ ፋይል በምን ትዕዛዝ እንደሚገነባ የሚዘረዝር ፋይል ይፈልጋል። ሲሜክ የሚባለውን የግንባታ መሣሪያ የሚጠቀም ፕሮጀክት ይህን ፋይል በአንድ አማራጭ ያወጣዋል፤ በሜክ ብቻ ለሚገነባ ደግሞ ቤር የሚባል መሣሪያ ግንባታውን እያዳመጠ ይጽፈዋል፤ የሊኑክስ ከርነልም የራሱ ማዘጋጃ አለው። ዝርዝሩ ከሌለ ክላንግዲ ይገምታል፤ ሲገምት ደግሞ ትክክለኛውን ኮድ በቀይ ያሰምርበትና ጠሪዎችን ያጎድላል። በትልቅ ፕሮጀክት ላይ ሁሉንም አንብቦ እስኪጨርስ ሜሞሪም ጊዜም ይበላል።

ያነሰ የሚወራለት ሌላ ድክመትም አለው። የሚያየው እናንተ ለገነባችሁት አወቃቀር የሚሆነውን ኮድ ብቻ ነው። በሁኔታ የታጠረ፣ ለዊንዶውስ ወይም ለሌላ ፕሮሰሰር ብቻ የሚገባ ክፍል ከሆነ እንደሌለ ይቆጥረዋል። «ማንም አይጠራውም» ብሎ የነገራችሁን ፈንክሽን ከማጥፋታችሁ በፊት በግሬፕ ድገሙት። ፓይተንን በመሰሉ ቋንቋዎች ስሙ በጽሑፍ መልክ ተሠርቶ ሲጠራም እንዲሁ ያመልጠዋል።

ለአንድ ጥያቄ ብቻ የመጣችሁ ከሆነ፣ አንድ ስህተት አርማችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ላንጉዌጅ ሰርቨሩን ለማዘጋጀት የሚጠፋው ጊዜ ከሥራው ሊበልጥ ይችላል። ሳምንታት የምትቆዩ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ቀን አዘጋጁት።

ስም የለም፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ግን አውቃለሁ

እዚህ ላይ የቋንቋችሁ ዕድል ይወስናል። በሃስኬል የሚሠሩ ሰዎች ሁግል አላቸው፦ የምትፈልጉትን ፈንክሽን ዓይነት ትጽፋላችሁ፣ የሚስማሙትን ይዘረዝራል። «አንድን ነገር ወደ ሌላ የሚቀይር ፈንክሽንና የነገሮች ዝርዝር ተቀብሎ የተቀየሩትን ዝርዝር የሚመልስ» ብላችሁ በዓይነት ቋንቋ ብትጽፉለት ማፕን ያቀርብላችኋል። የረስት ሰነዶች መፈለጊያም ይህን ይችላል፤ ቬክ ተቀብሎ ዩሳይዝ (የቁጥር ዓይነት) የሚመልስ ምን አለ ብላችሁ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። ከሁሉም የሚያስቀናው ስኩዊክና ፋሮ የተባሉት የስሞልቶክ ቤተሰቦች ያላቸው ነው። በትናንሽ ፊደላት የተጻፈ ቃልና ያንኑ ቃል በትላልቅ ፊደላት ትሰጡታላችሁ፤ አንዱን ወደ ሌላው የሚያደርሰውን ፈንክሽን እየሞከረ ፈልጎ ያመጣል። የሌሎቹ ቋንቋዎች ተጠቃሚዎች ይህን እስከ ዛሬ ማጣታቸው ይገርመኛል።

ሲ፣ ጃቫ ወይም ፓይተን ለሚጽፍ ቅርብ የሆነው አማራጭ በኮዱ ቅርጽ መፈለግ ነው። ሴምግሬፕና ኤኤስቲ ግሬፕ የፊደል ቅደም ተከተልን ሳይሆን የኮዱን አወቃቀር ያመሳስላሉ፤ የመስመር መቆራረጥና የተለዋዋጮች ስም አያሳስታቸውም። እንደ ፈንክሽን መፈለጊያ ሲታዩ ግን ከባድ ናቸው፤ የምትፈልጉትን ቅርጽ አስቀድማችሁ በትክክል መጻፍ አለባችሁ።

ከእነርሱ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው የቅርጽ ደንቦች ናቸው። ኮክሲኔል የተባለው መሣሪያ በሊኑክስ ከርነል ዘንድ ለዚህ ይውላል። በከርነሉ ስክሪፕቶች ፎልደር ውስጥ የኮክሲኔል ደንቦች የያዘ ክፍል አለ፤ አንዱ ደንብ ሜሞሪ መድቦ ቀጥሎ ይዘት የሚገለብጥ ኮድ ሲያገኝ «ይህን በእጅ አትሥራ፣ ኬሜምደፕን ተጠቀም» ይላል። የጊት ፕሮጀክትም የራሱ ደንቦች አሉት፤ ስትርበፍ_አድኤፍን አንድ ጽሑፍ ብቻ ለመጨመር የሚጠቀመውን ወደ ስትርበፍ_አድስትር ይቀይረዋል። አስተውሉ፤ እነዚህ ደንቦች «በእጃችሁ ልትጽፉት የምትችሉት ይህ ነው፣ በምትኩ ያለን ይህ ነው» የሚሉ ጥንዶች ናቸው። ለእንግዳ ሰው ከዚህ የተሻለ የፈንክሽን ዝርዝር አላውቅም። መሣሪያውን ባትጭኑት እንኳ ፋይሎቹን አንብቧቸው። ከርነሉ እንዲሁም ሊጠቀሙባቸው የማይገቡ ፈንክሽኖችን ከነምትካቸው የሚዘረዝር ሰነድ አለው፤ ሲምፕል_ስትርቶል ቀርቶ ኬስትርቶል ይሁን የሚለው ምክር ከዚያ ይገኛል። ወደ ሌላ ፕሮጀክት ስትሄዱም የሊንት (የኮድ ጉድለት ጠቋሚ መሣሪያ) ደንቦችን ፈልጉ፤ ደንብ የጻፈ ሰው የመረጠው ፈንክሽን አለው።

ያየሁት ውጤቱን ብቻ ነው

ፕሮግራሙ አንድ ነገር ሲያደርግ አይታችኋል፤ ያንን የሚያደርገውን ፈንክሽን ትፈልጋላችሁ። መልዕክት ከጻፈ መልዕክቱ ገመድ ነው፤ አያያዙ ግን ጥበብ ይፈልጋል። ከጊት ፎልደር ውጭ ሆናችሁ የጊት ትዕዛዝ ስትሰጡ «ፌታል፦ ኖት ኤ ጊት ሪፖዚተሪ» ብሎ የሚጀምር፣ በቅንፍ ውስጥ ስለ ወላጅ ፎልደሮች የሚያወራ፣ በነጥብ ጊት የሚያበቃ መልዕክት ይወጣል። መስመሩን እንዳለ ገልብጣችሁ ብትፈልጉት አታገኙትም። «ፌታል» የሚለውን ቃል የሚጨምረው ዳይ የተባለው ሌላ ፈንክሽን ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ነጥብ ጊትም ኮዱ ውስጥ ባዶ ቦታ ሆኖ ነው የተጻፈው፣ የሚሞላው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው። ራሱንና ጅራቱን ቆርጣችሁ መካከሉን ብቻ ስትፈልጉ ሴትአፕ የሚባለው የሲ ፋይል ውስጥ ትገባላችሁ፤ የጊት ፎልደር የት እንዳለ ወደ ላይ እየወጣ የሚያስሰው ኮድም እዚያው ነው። የፋይል ስም፣ ቁጥር፣ ቀን፣ በጥቅስ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ተለዋዋጭ ሊሆን ስለሚችል ከፍለጋው አውጡት።

ፕሮግራሙ የሚናገረው በተተረጎመ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ ፒኦ የተባሉትን የትርጉም ፋይሎች ፈልጉ። ትርጉሙ አጠገብ ዋናው መልዕክት አለ፤ ብዙ ጊዜም ከላዩ መልዕክቱ የተወሰደበት ፋይል ከነመስመር ቁጥሩ በማስታወሻ መልክ ይጻፋል። የመስመር ቁጥሩ ሊያረጅ ይችላል፤ የፋይሉ ስም ግን በአብዛኛው ያደርሳችኋል።

መልዕክት ከሌለ ዲበገር (ፕሮግራሙን በሚሠራበት ጊዜ አስቁሞ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ) አለ። በእርግጠኝነት እንደሚጠራ በምታውቁት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ወደ ፋይል በሚጽፈው የሲስተም ላይብረሪ ፈንክሽን ላይ፣ ፕሮግራሙን አስቁሙትና የጥሪውን ሰንሰለት አስወጡ። ከዋናው ፈንክሽን ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ማን ማንን እንደጠራ በተራ ይታያል። የምትፈልጉት ከሰንሰለቱ መካከል አንዱ ነው። ይህ መንገድ ማክሮም ሆነ በጽሑፍ የተሠራ ስም አያታልለውም፤ ፕሮጀክቱ ግን ተገንብቶ መሥራት አለበት።

የታሪክ ፍለጋን ያኖርኩት እዚህ ነው፤ እርሱም የሚያሳየው የተደረገውን ነውና። ጊት ሎግ ከሰረዝና ከትልቁ ኤስ ጋር አንድ ቃል ሲሰጠው ያ ቃል የሚገኝበትን ብዛት የቀየሩትን ኮሚቶች (የተመዘገቡ ለውጦች) ብቻ ያወጣል። ትልቁ ጂ ደግሞ በለውጡ መስመሮች ውስጥ ቃሉ የታየበትን ሁሉ ያሳያል። ዝርዝሩን ከታች ጀምራችሁ አንብቡ፤ ፈንክሽኑን የወለደው ኮሚት እዚያ ነው። ጥሩ ልማድ ባለው ፕሮጀክት አዲስ ፈንክሽን ሲመጣ በዚያው ኮሚት ወይም በተከታዮቹ አሮጌው ኮድ ወደ አዲሱ ይቀየራል፤ በፊትና በኋላ ጎን ለጎን ይታያችኋል፣ ምክንያቱም በመልዕክቱ ውስጥ ተጽፏል። ፕሮጀክቱን ስታወርዱ ጥልቀቱን ወደ 1 ከቀነሳችሁት ግን ይህ ሁሉ የለም፤ ታሪኩ አልወረደም። የፋይል ይዘቶችን በፍላጎት ጊዜ ብቻ የሚያወርደው ከፊል ክሎንም ለዚህ ፍለጋ አይመችም፤ እያንዳንዱን የድሮ ይዘት ከሰርቨር እየጠየቀ ያንቀራፍፋችኋል።

ድረ ገጽ ላይ መፈለግ እና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ

የጊትሀብ የኮድ ፍለጋና ሶርስግራፍ አንድም ነገር ሳታወርዱ ብዙ ፕሮጀክቶችን ያስሳሉ፤ የዴቢያን የኮድ ፍለጋ ደግሞ በዴቢያን ውስጥ ያሉ ፓኬጆችን የምንጭ ኮድ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍ ቅርጽ በሚገልጽ ቀመር) ይፈልጋል። አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ለመፈለግ ከጊት ግሬፕ የሚበልጡ አይመስለኝም። የሚበልጡት የአንድን ላይብረሪ ፈንክሽን ሌሎች ፕሮጀክቶች እንዴት እንደሚጠሩት ለማየት ነው፤ ላይብረሪው ራሱ ጠሪ ከሌለው ጠሪዎቹ ውጭ ናቸውና። ጊትሀብ የሚፈልገው በዋናው ቅርንጫፍ ላይ ብቻ መሆኑን አትርሱ። እናንተ የያዛችሁት የቆየ እትም ከሆነ ያገኛችሁት ፈንክሽን እናንተ ዘንድ ገና አልተወለደም ይሆናል።

የቋንቋ ሞዴሎች ስም የማያውቅን ሰው ችግር በቀጥታ የሚያቃልሉ ይመስላሉ፤ በከፊል እውነት ነው። የምትፈልጉትን በተራ ቋንቋ ትገልጻላችሁ፣ ስም ይሰጧችኋል። አንዳንዴ ግን ሊኖር የሚገባውን፣ የፕሮጀክቱን ቅድመ ቅጥያ ይዞ ደንበኛ የሚመስለውን፣ የሌለ ስም ይሰጧችኋል። ስለዚህ መልስ ሳይሆን ቃላት ጠይቋቸው፦ «ለዚህ ሥራ ሲ ጸሐፊዎች ምን ምን ስም ይጠቀማሉ?» በሉና የሚሰጧችሁን አሥር ቃል አንድ በአንድ በጊት ግሬፕ ፈትኑት። ኮዱን ራሱን እየከፈተ የሚያነብ ረዳት ከሆነ ፋይሉንና መስመሩን እንዲጠቅስ አስገድዱት፤ ከዚያም ራሳችሁ ክፈቱት።

ካገኛችሁት በኋላ

ሁለት ተመሳሳይ ካገኛችሁ የሚመልሱትን አወዳድሩ። ከርነሉ ከስትርስታርትስ ሌላ ስትር_ሃዝ_ፕሪፊክስም አለው፤ የመጀመሪያው አዎ ወይም አይደለም ይላል፣ ሁለተኛው ከተስማማ የቅድመ ቅጥያውን ርዝመት ይመልሳል። መዝለል የምትፈልጉ ከሆነ ሁለተኛው ነው። ምርጫው ካልለየላችሁ ጠሪ የበዛበትን፣ ከዚያም በቅርብ ጊዜ ጠሪዎች የጨመሩለትን ውሰዱ። ብዛት ብቻውን ያሳስታል፤ ጽሑፍ የሚገለብጠው ስትርኤልሲፓይ በከርነሉ ውስጥ ለዓመታት ጠሪዎች ነበሩት፣ ሰዎች ግን አንድ በአንድ ወደ ስትርኤስሲፓይ እየቀየሯቸው ነበርና እ.ኤ.አ. በ2024 በእትም 6.8 ጨርሶ ወጣ። በጊት ሎግ የአንድ ዓመት አቅጣጫ ማየት ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

በሲ ፈንክሽኑ ፊት ስታቲክ የሚል ካለ ከፋይሉ ውጭ ልትጠሩት አትችሉም፤ ከሄደር ውጭ ያገኛችሁትን ሁሉ በዚህ ፈትኑት። የከርነል ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጨመር ክፍል) የምትጽፉ ከሆነ ስታቲክ አለመሆኑም አይበቃም፤ ፈንክሽኑ ኤክስፖርት_ሲምቦል በሚለው መስመር ለሞጁሎች መፈቀድ አለበት፣ በጂፒኤል (የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ስም) የሚያበቃው የዚሁ መስመር ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሞጁላችሁ ከጂፒኤል ጋር የሚስማማ ፈቃድ ማወጅ ይኖርበታል። ፈንክሽኑን መጥራት ሳይሆን ገልብጣችሁ ወደ ራሳችሁ ፕሮጀክት መውሰድ ካሰባችሁ የፋይሉን የመጀመሪያ መስመሮች ተመልከቱ፤ ብዙ ፕሮጀክቶች ፈቃዱን እዚያ በአንድ የኤስፒዲኤክስ መስመር ያስቀምጣሉ። ጊትና ሊኑክስ በጂፒኤል ሁለተኛ እትም ሥር ናቸው፤ ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ የሕዝብ ሀብት ነው። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥም ፈቃዱ ከፋይል ፋይል ሊለያይ ስለሚችል የፕሮጀክቱን የፈቃድ ፋይል አንብባችሁ አትመለሱ፤ ፈንክሽኑ ያለበትን ፋይል ራሱን እዩት።